የጓዳው መስኮት

ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? እማማስ እንዴት ናቸው?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረጎን ወርጄ አንተ ዘንድ ሳልደርስ ስድስት ዓመት ማለፉ ምንም ምክንያት አይቆምለትም። አውፍ በለኝ። አንተም እንደ ልማድህ ስልክ አታነሳም፤ ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብህ።

ጉዳዬ ይሄ ነው። እዚህ አንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሊያሠራ ነው፤ ንድፉ እኔ እጅ ገባ። ከእኔ በፊት የተሠራውን ስዘረጋው ሆዴ ተገለባበጠ። መስኮቶቹ ከሰው ራስ በላይ ተሰቅለዋል፣ ያውም በብረት ፍርግርግ። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር፣ መጨረሻው ግድግዳ። ያ ወንድምጋሼ አእምሮውን ሲታመም የዘጋንበት ጓዳ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

አባባ «ራሱን እንዳይጎዳ» ብለው የጓዳውን መስኮት እንድንደፍን ሲያዙን ጣውላውን አንተ ያዝክ፣ ሚስማሩን እኔ መታሁ። አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ። በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ተመልሼ መጥቼ ነበር። ወንድምጋሼ በጣውላዎቹ መሃል በቀረችው ስንጥቅ ዓይኑን ለጥፎ የጦሳን ተራራ ያያል። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። በነጋታው ስንጥቋን በጨርቅ ወተፍኳት። ለምን እንደሆነ ዛሬም ለራሴ መመለስ ያቅተኛል። እንዲያ ሲያየኝ መቆም አልቻልኩም ነበር፣ ያን ብቻ ነው የማውቀው።

ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመው ጥናት አለ። ፔንስልቬንያ ውስጥ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ። የግማሾቹ መስኮት ዛፍ ያሳያል፣ የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ብዙ አልፈለጉም። የሐሞትና የአእምሮ ሕመም አንድ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ያነበብኩ ለታ ያቺ ጨርቅ ፊቴ ላይ መጣች። እንግሊዝ አገር ዮርክ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1796 በተከፈተ የሕሙማን ማረፊያ ብረቱን የመስኮት ክፈፍ አድርገው እንጨት አስመሰሉት፤ ሕመምተኛው እስር ቤት ያለ እንዳይመስለው።

ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት፤ ተኝቶም ጦሳን ያያል። ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ አይከፈትም፣ መስታወቱ ቢመታ አይበተንም። የመጋረጃው ዘንግ ክብደት ሲያርፍበት ይወድቃል። በሩ ከውስጥ ቢደገፍ ከውጭ ይከፈታል። የደሴን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ቀን የሚቀመጡበትን ክፍል ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ የጠዋት ፀሐይ እንዲገባላቸው። ከሰል ወደ ውስጥ ስለማይገባ ለቡናው ግቢው ላይ ዳስ ሠራሁ።

አስታማሚው ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። የማነባቸው የውጭ ንድፎች አስታማሚን አያውቁትም። አንተ ወንድምጋሼን ስታስታምም ካርቶን አንጥፈህ ወለል ላይ ነው የከረምከው። አጠገቡ ስትተኛ ይረጋጋ ነበር ወይስ ይከብደው ነበር? አልጋህን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ላድርግልህ ወይስ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሲጠራህ በምትሰማበት? ይህን የሚነግረኝ መሐንዲስ አላገኘሁም።

ደግሞ... እንዴት ብዬ ልበልህ። ከአንተ ይልቅ መጠየቅ ያለብኝ እሱን ነው። ሱቁን ከፍቶ ደህና እንደሚውል ሰምቼ ደስ ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ። ንድፉን ያይልኛል ብለህ ታስባለህ? ያኔ ያየው እኔን መሆኑን ያስታውስ እንደሆነ አንተ እንዳትጠይቀው፤ እኔው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

ንድፉን የማስረክበው የፊታችን ሐሙስ ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ይዘኸው ና። እሱ እሺ ካላለ ብቻህን ና። እንደ ልማድህ ከአቦል ላይ ብድግ ማለት የለም፤ በረካን ሳትጠጣ አለቅህም።

አብሮ አደግህ