የአቃቂ የበረራ ታሪክ ከሮቢንሰን ዘመን ይነሣ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአቃቂ ቃሊቲ ወጣቶች ትንንሽ አውሮፕላን እየሠሩ ስለሚያበሩበት ክበብ ያወጣችሁትን ዘገባ በደስታ አነበብኩ። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ፤ ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ፎም በቢላዋ ቀርፀው ክንፍ ሲያወጡ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈጉ «ወፈረ፣ ሳሳ» ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ይሁን እንጂ ዘገባው ክበቡን በአካባቢው ከዚህ በፊት ያልታየ አዲስ ጅምር አድርጎ ማቅረቡ ትክክል ስላልመሰለኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሱም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያመጣው ፖቴዝ 25 ነበር። ብዙ ሰው የአገራችንን በረራ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ምሥረታ፣ ማለትም ከ1938 ዓ.ም. ይጀምረዋል፤ አየር መንገዱም ቦሌ እስኪከፈት ድረስ መቀመጫው ልደታ ስለነበር አቃቂን የሚያስታውስ እምብዛም አይገኝም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ግን የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላኖች የሚነሡትና የሚያርፉት እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ከከተማው በስተደቡብ በነበረው የአቃቂ ሜዳ ነበር።

የክበቡ ልጆች ከማንም በፊት ሊያውቁት ይገባል የምለው የጆን ሮቢንሰንን ታሪክ ነው። ሮቢንሰን ጥቁር አሜሪካዊ የመኪና መካኒክ ነበር። በቺካጎ የሚገኘው የከርቲስ ራይት የአቪየሽን ትምህርት ቤት በቆዳው ቀለም ምክንያት አልቀበልም ቢለው፣ እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ ወለሉን እየጠረገ መምህሩ የሚያስተምረውን ያዳምጥ ጀመር። ውሎ አድሮ በተማሪነት ገብቶ ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር ተመረቀ። ከዚያም የነጮች የአውሮፕላን ማረፊያዎች ጥቁር አብራሪዎችን አላስጠጋ ስላሉ፣ ሁለቱ «ቻሌንጀር» የተባለ የአብራሪዎች ማኅበር መሥርተው ከቺካጎ ወጣ ብላ በምትገኘው በሮቢንስ የራሳቸውን መንደርደሪያ አሰናዱ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዐውሎ ነፋስ ሃንጋራቸውን (የአውሮፕላን መጠለያቸውን) ቢያፈርሰውም ወደ ሌላ ሜዳ ተዛውረው ሥራቸውን ቀጠሉ። (አንድ ክንፍ በተሰበረ ቁጥር ክበቡ ይፍረስ የሚሉ ወላጆች ይህን ልብ ይበሉልኝ።)

ያ ሰው በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአገሪቱ ትንሽ የአየር ኃይል አዛዥ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ጥቂትና ያረጁ ስለነበሩ ከጣሊያን ጋር በአየር ላይ ለመግጠም የሚበቁ አልነበሩም፤ ሮቢንሰንና ባልደረቦቹ በአመዛኙ መልእክትና ሰው በጦር ግንባርና በአዲስ አበባ መካከል ያመላልሱ ነበር። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን በበረራ ሲያሠለጥን ቆይቶ፣ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

በዚያው በወረራው ዋዜማ በአዲስ አበባ ተሠርታ ጣሊያን የወሰዳት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ስትመለስ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የአቃቂ ሜዳ ግን አንድ ሰሌዳ እንኳ የተተከለለት አላየሁም። ስለዚህ የክፍለ ከተማው አስተዳደር ቦታውን በባለሙያ አስለይቶ የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲያቆም፣ ጋዜጣችሁም ሜዳውን ከወላጆቻቸው ሲነገር የሰሙ የአቃቂ አዛውንቶችን በሕይወት ሳሉ አነጋግሮ እንዲጽፍ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአቃቂ