ራም ጨምረንም «ሜሞሪ አልበቃም» የሚለው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት) የሚሠራውን የድሮውን የስቶክ ፕሮግራማችንን አሁንም የምትጠቀሙ አላችሁ። አዲሱን ስሪት ከጫንን ወዲህ አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ራም አስጨምረናል፤ ፕሮግራሙ ግን ሜሞሪ አልበቃም ይላል» ብላችሁናል።

እባካችሁ ራም ላይ ገንዘብ አታውጡ። ችግሩ እሱ አይደለም።

ዶስ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጣው የአይቢኤም ፒሲ ነው። የዚያ ማሽን ፕሮሰሰር፣ 8088፣ ከ1 ሜጋባይት በላይ አያይም። ከእሱም 384 ኪሎባይቱ ለስክሪንና ለማሽኑ ለራሱ ተያዘ። ለፕሮግራም የቀረው 640 ኪሎባይት ብቻ ነው። ማሽናችሁ 64 ሜጋባይት ይኑረው 4 ጊጋባይት፣ የእኛ ፕሮግራም የሚሠራው እዚያችው ውስጥ ነው። ዶስም፣ የማውሱና የኔትወርኩ ድራይቨርም (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራው ትንሽ ፕሮግራም) ከእሷው ይቆርሳሉ።

ፕሮግራሙ ሙሉው አይገባባትም። ስለዚህ በቱርቦ ፓስካል (በፕሮግራም መጻፊያው) ስንጽፈው ከፋፈልነው። ዋናው ክፍል ሁልጊዜ ሜሞሪ ላይ ይቆያል። ሽያጭ፣ ግዢና ሪፖርት ግን ኦቨርሌይ ናቸው፦ ሲፈለጉ ከዲስክ ይጫናሉ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ቦታ ይለቃል። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አንዱን መዝገብ አጥፎ ሌላውን እንደመዘርጋት ነው።

ወር ሲዘጋ ሪፖርቱ ይንቀራፈፍ የነበረው በዚህ ነው። ሂሳቡን የሚሠራውና የሚያትመው ክፍል በየገጹ እየተፈራረቁ ይወጡና ይገቡ ነበር። በአዲሱ ስሪት ሁለቱም አብረው እንዲቀመጡ ቦታውን አሰፋነው። ሪፖርቱ ፈጠነ፤ በምትኩ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጠይቀው ባዶ ሜሞሪ ጨመረ። ድራይቨር የበዛበት ማሽን ታዲያ ይሄን መልእክት ያወጣል። እኛ አሁንም ፍጥነቱን እንመርጣለን።

መልእክቱ ከመጣባችሁ «ሜም» (MEM) የሚለውን ትእዛዝ ጻፉና የሚወጣውን ስክሪን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። ዶስ 5 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ፣ ዶስን ራሱን ከ640ው በላይ ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ይሄው ይበቃል። ማውስ የማትጠቀሙ ከሆነ ድራይቨሩ ይውጣ።

አደራ፣ ስሙ በ«ኦቪአር» (OVR) የሚያልቀውን ትልቅ ፋይል ቦታ ያዘ ብላችሁ እንዳትሰርዙት። ኦቨርሌዮቹ ያሉት እሱ ውስጥ ነው። ከድሮ ባክአፕ አምጥታችሁም አትተኩት፤ ከዋናው ፋይል ጋር ስሪቱ አንድ ካልሆነ ፕሮግራሙ አይሠራም።

አዲስ ኮምፒውተር ልትገዙ ያሰባችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉልን። 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራም በቀጥታ አይከፍትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍል