የጭሰኛው ቃልም መዝገብ ነው
ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አርሲ ውስጥ፣ በድሮው ጭላሎ አውራጃ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ሥራዬ ብለው የያዙት የቀድሞ ጭሰኞችን ቃል መቅዳት ነው። በጀት የሚባል ነገር የላቸውም። እኔ የድሮ ተማሪያቸው ነኝ፤ ቅጂውን በመገልበጥ አግዛቸዋለሁ።

እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው በሁለት መስመር ያልቃል። የ1957ቱ «መሬት ለአራሹ» ሰልፍ፣ ከዚያ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ። ሽማግሌዎቹ ግን ከአውድማው ነው የሚጀምሩት። እህሉ ተወቅቶ፣ ተመርቶ ተከምሯል። የባለርስቱ ወኪል ካልመጣ ግን አይነሳም፤ ሰማዩ ቢጠቁርም ይጠበቃል። ሲመጣ መጀመሪያ አስራቱ፣ የምርቱ አሥረኛ እጅ፣ ይወጣል። የቀረው እንደ ስምምነቱ ይካፈላል፦ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ። አስራት በ1960 በሕግ ቢቀርም፣ ከዚያ በኋላም ሲሰፍሩ እንደነበር የሚናገሩ አሉ። ሴቶቹ ሲጠየቁ ደግሞ ሌላ ጉድ ይወጣል፤ ለጌታው ቤት የፈጩት፣ የጠመቁት፣ ለበዓል ያደረሱት ቅቤና ዶሮ።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ የለም። ውሉ አብዛኛው በቃል ነበርና። ርስቱ፣ ግብሩ፣ ክርክሩ የባለመሬቱን ስም ይዞ በየመዝገቡ ተቀምጧል። የአራሹ ሰነድ አንደበቱ ብቻ ነው። በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው ካዱ (የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት) ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያመጣ መሬቱ ተወደደ፤ ትራክተር የገዛ ባለርስት ጭሰኛውን ልቀቅ አለው። ያኔ የተነቀለው ቤተሰብ የት ደረሰ? የሚያውቁት እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። አዋጁ ሲወጣ 20 ዓመት የሞላው ዛሬ ከ70 አልፏል።

(መምህሩ የባለርስት ልጆችንም ያነጋግራሉ። ይህን የማይወዱላቸው አሉ። እኔ ግን ደግ አደረጉ ባይ ነኝ።)

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቅጂዎቹን ተረከቡና አባዝታችሁ አስቀምጡ። አብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እንዳለ ይቀመጥ፣ ትርጉሙ ከጎኑ ይሁን እንጂ አይተካው። ስሜ አይውጣ ያሉም አሉ። የሁለቱም ወገን ልጆች ዛሬ ጎረቤት ናቸውና፣ ማን መቼ ይስማው የሚለውን ደንብ አብረን እናውጣ።

ለጊዜው ሁሉም ያለው በአንድ አሮጌ ስልክና በጥቂት ካሴቶች ላይ ነው። ሰው መላክ ካስቸገረ እኛው ይዘን እንመጣለን። የትኛው ክፍል፣ ማን ዘንድ እንደምንቀርብ ብቻ ይነገረን።

ከአክብሮት ጋር