ቀለም የተቀባ ተክል ለገዙ አንባቢዎች

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ አንባቢዎቻችሁ፣ በተለይ የፈረንጅ ገና ሲቃረብ፣ በትልልቅ መደብሮች የአበባ መደርደሪያ ላይ ደማቅ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ብርቱካናማ የሆኑ፣ አንዳንዴም ብልጭልጭ የተነሰነሰባቸው ትንንሽ ተክሎች ሳያዩ አይቀሩም። ለስጦታ ይገዛሉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተክሉ ይሞትና ገዢው «እኔ እጄ ለአትክልት አይሆንም» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የእሱ አይደለም። ተክሉ ከመደብሩ ሲወጣ ጀምሮ ተጎድቷል።

ያ ሰማያዊ የተፈጥሮ ሳይሆን ከላይ የተረጨ ቀለም ነው፤ በብዛት በውሃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ። ከሥሩ ያለው ተክል ከሁለት ዓይነት አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዱ ሃዎርቲያ ይባላል፤ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅና የእሬት ዘመድ ሲሆን ቅጠሉ ሹልና ጠንካራ ነው። ሌላው ኤቼቬሪያ ነው፤ ከሜክሲኮ የመጣ፣ ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ ዙሪያውን የተደረደሩ፣ ከእኛው እንዳሁላ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ። ሁለቱም ውሃ በቅጠላቸው የሚያጠራቅሙ፣ ሰኩለንት የሚባሉ ናቸው።

ሻጮች «ቀለሙ መርዝ የለውም» ይላሉ። ይሁን፣ መርዝ አይኑረው፤ ጥያቄው ግን የመርዝ ሳይሆን የብርሃን ነው። እንዲህ ያለው ሰኩለንት ቀን ቀን የቅጠሉን ደቃቅ ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውላል። ማታ ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባና በአሲድ መልክ ያከማቻል፤ ሲነጋ ያንን በፀሐይ ብርሃን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ቀለሙ የማታውን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የቀኑን ብርሃን ይጋርዳል። ስስ ሆኖ ከተረጨ ጥቂት ብርሃን ያሳልፋል፤ ወፍራሙና ብልጭልጭ በሙጫ የተለጠፈበት ግን የባሰ ነው። ተክሉ ወዲያው የማይሞተው ወፍራም ቅጠሉ ስንቁ ስለሆነ ነው። ስንቁን እየበላ ወራት ይቆያል፤ ገዢውም ደህና ነው ብሎ ያስባል።

ከዚያ መድከም ይጀምራል፤ ቅጠሉ ይሸበሸባል። ባለቤቱ ጠምቶታል ብሎ ውሃ ይጨምርለታል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ምግብ በደንብ የማያዘጋጅ ተክል ውሃም ብዙ አይስብም፤ ስለዚህ አፈሩ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ ስለማይስብ ቅጠሉ ይብስ ይሸበሸባል፤ ባለቤቱም ይብስ ያጠጣል። በመጨረሻ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቡናማና ልፍስፍስ ይሆናል። ሽታ ካለው ያ ተክል አይመለስም።

ስለዚህ ተክሉ እጃችሁ ከገባ መጀመሪያ ከመትከያው አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ብዙ ጊዜ ሥሩ በቀጭን መረብ በተጠቀለለ፣ ፒት በሚባል ጥቁር የረግረግ አፈር ውስጥ ነው። ይህ አፈር ሲረጥብ ቶሎ አይደርቅም፤ አንዴ ድርቅ ካለ ደግሞ ውሃ አይቀበልም፣ ያጠጣችሁት በጎን በኩል ወርዶ ያልቃል። መረቡን በመቀስ ቁረጡ፣ አፈሩን በጣት አራግፉ፣ የጠቆረና የሟሸሸ ሥር ካለ አስወግዱ። በጥላ ውስጥ ለ3 ቀን ያህል ሳትተክሉት ይቆይ፣ ቁስሉ ይድረቅ። የሚተከልበት አፈር ግማሹ የቁልቋል አፈር ተብሎ የሚሸጠው፣ ግማሹ ፐርላይት ወይም ፐሚስ የሚባለው ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ ይሁን። (አገር ቤት ላለ አንባቢ፣ ብሎኬት የሚሠራበት ፐሚስ ተነፍቶ ጥሩ ያገለግላል።) መትከያው ከሥሩ ቀዳዳ ያለው፣ ከቀድሞው በ1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚሰፋ ይሁን። ከተተከለ በኋላም ለ5 ቀን ያህል ውሃ አይነካው።

ከዚያ በኋላ ውሃ የሚጠጣው በቀን መቁጠሪያ አይደለም። ስቴኪኒ ወይም ቀጭን እንጨት እስከ መትከያው ወለል አስገቡና አውጡ፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ተዉት። ደርቆ ከወጣ ከሥር እስኪፈስ አጠጡና ከሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። ጥቂት ጥቂት መርጨት አይረባም፤ ላዩን ብቻ አርጥቦ ሥሩን አይደርስም። ማዳበሪያም አትቸኩሉ፤ ብርሃን ያጣ ተክል ማዳበሪያ አይጠቀምም፣ ጨውነቱ ሥሩን ያቃጥላል እንጂ። አራት አምስት አዲስ አረንጓዴ ቅጠል ካወጣ በኋላ በፀደይና በበጋ፣ በመያዣው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን በውሃ አቅጥኖ መስጠት ይበቃል።

ቀለሙን ማስለቀቅ ይቻላል ወይ? አንዳንዱን ይቻላል። በታችኛው አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቅጠሉ ላይ ለ10 ደቂቃ አሳርፉ፤ ጫፉን በጥፍር ስታነሱት እንደ ላስቲክ ተያይዞ የሚላጥ ከሆነ ከሥር ወደ ጫፍ በቀስታ ሳቡት። በቅጠሎች መካከል የቀረውን የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ወይም በጣም ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ያወጣዋል። ይህን ሁሉ መትከያውን አጋድማችሁ አድርጉ፤ ውሃ በተክሉ እምብርት ላይ ከቆመ ከመሃል መበስበስ ይጀምራል። ቀለሙ ድርቅ ብሎ የሚፈረፈር፣ ከቅጠሉ ቆዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ግን ተዉት። በአሴቶን፣ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ በአልኮል ወይም በቲነር መሞከር ተክሉን መግደል ነው፤ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉን ከድርቀት የሚጠብቀውን ሰም ጭምር ያሟሟል። በኤቼቬሪያ ቅጠል ላይ የምታዩት ነጭ አመድ የሚመስል ሽፋን ይኸው ሰም ነው፤ ካረጀ ቅጠል ላይ አንዴ ከተጠረገ ተመልሶ አይመጣም።

የተላጠው ቅጠል ገርጥቶ፣ ወደ ቢጫ አድልቶ ታገኙታላችሁ። በዚህ ጊዜ መስኮት ላይ አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት የብዙ ሰው ስህተት ነው። ብርሃን ያልለመደ ቅጠል ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ቦታ ነጭ ወይም ቡናማ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ለአንድ ሳምንት ከመስኮት አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ፣ ከዚያ በየሳምንቱ አስጠጉት። ኤቼቬሪያ በመጨረሻ የቻላችሁትን ያህል ፀሐይ ይወዳል፤ ሃዎርቲያ የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። ክረምቱ ጨለማ በሆነበት አገር ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ በቀን 12 ሰዓት ማብራት ይረዳል። አዲሱ ቅጠል ቀጥኖና ተራርቆ ከወጣ ብርሃኑ አልበቃውም ማለት ነው።

ቀለሙ የማይላጥ ከሆነ መፍትሔው መጠበቅ ነው። አዲስ ቅጠል ከመሃል አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ መሃሉ በቀለም ታፍኖ ከሆነ ግን እዚያች ቦታ ያለውን በጥንቃቄ መላጥ ግድ ነው። አረንጓዴው ሲበዛ ቀለም የተቀቡት የታችኞቹ ቅጠሎች ራሳቸው ይደርቃሉ፣ ያኔ ይነቀሉ። ገና ያልደረቁትን አትንቀሉ፤ ውበት ባይኖራቸውም ውሃ የያዙት እነሱ ናቸው። ሃዎርቲያ ዝግተኛ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እስኪለብስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ከሥሩ ግን አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው የእናቱን ሲሶ ሲያክልና የራሱን ሥር ሲያበጅ በንጹሕ ቢላ ቆርጦ፣ ቁስሉን ለ2 ወይም 3 ቀን አድርቆ ለብቻ መትከል ነው። እናቲቱ ባትተርፍም ዘሩ ይተርፋል።

ገና ከመግዛታችሁ በፊት ለመለየት የመትከያውን ከንፈርና የላይኛውን አፈር ተመልከቱ፤ የቀለም ፍንጥቅጣቂ አለ። የታችኛውን ቅጠል ገልብጡ፣ ቀለሙ ቆሞ አረንጓዴው የሚጀምርበት መስመር ይታያል። ጫፉ ቀላ ያለ ተክል ሁሉ ግን የተቀባ አይደለም፤ ብዙ ሰኩለንት ጠንካራ ፀሐይና ብርድ ሲያገኝ ራሱ ይቀላል፣ መቅላቱም ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ይዋሃዳል። ሦስት ማዕዘን አረንጓዴ ግንድ ላይ የተቀመጠው ቀይ ወይም ቢጫ ድቡልቡል ቁልቋልም ቀለም አልተቀባም። ተክል ምግቡን የሚሠራበት የተፈጥሮ አረንጓዴ ቀለም የሌለው ስለሆነ፣ ምግብ የሚሠራለት ሌላ ቁልቋል ላይ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ኦርኪድ ደግሞ በአበባው ዘንግ በኩል ቀለም የገባበት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲያብብ ነጭ ይሆናል። ይህ ከቅብ ይሻላል፣ ቅጠሉ ነፃ ነውና።

ተክል የምትሸጡ ወገኖች፣ መለያው ላይ «ቀለም የተቀባ» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ቦታ ነው የሚወስደው።

በመጨረሻ፣ ትንሽ ቁልቋል አናት ላይ በትኩስ ሙጫ ስለሚለጠፈው ደረቅ አበባ። ይህ አበባ እርጥበት ሲያገኝ የሚከደን፣ ሲደርቅ የሚከፈት ስለሆነ ብዙ ሰው ሕያው ይመስለዋል። ለመንቀል አትታገሉ፤ ሙጫው ከእሾሁና ከቆዳው ጋር ስለሚነሣ የሚቀረው ቁስል ለመበስበስ በር ይሆናል። አበባውን ከላይ በመቀስ ቁረጡና ሙጫውን ተዉት፤ ቁልቋሉ ሲያድግ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ይገፋዋል።

ከአክብሮት ጋር
የችግኝ ማፍያ ሠራተኞች