ጓሮ ስጡን፣ ባነሩን ተዉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ይህን የምጽፈው በጤና ዓምዳችሁ ላይ የፖለቲካ ወሬ እንቅልፍ ለነሳቸው ሰዎች የሰጣችሁትን ምክር አንብቤ ነው። ስልክ አርቁ፣ ዜና ቀንሱ፣ በጊዜ ተኙ ይላል። ምክሩ ክፋት የለውም። ነገር ግን ሰው ወሬ ቀንስ ስለተባለ አይቀንስም፤ በወሬው ቦታ የሚገባ ሥራ ይፈልጋል።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። ወሬን ማራቅ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ እነዚያን አምስት ወራት ተኝተን ባሳለፍናቸው ነበር። የሆነው ግን ከመደወል በቀር ስልክ የማያውቀው ጡረተኛ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ እገዳውን የሚያልፈውን ቪፒኤን ማስጫን ያዘ። ልጆቻችን እየሳቁ ጫኑልን። ቀድሞ ማታ ማታ ብቻ ወሬ አይ የነበርኩት ሰውዬ ሌሊትም እየተነሳሁ መጎርጎር ጀመርኩ፤ ያልሰማሁት ከሰማሁት የሚብስ እየመሰለኝ።

እኔን ከዚህ ያወጣኝ ጎመን ነው። ብትስቁ አልቀየምም።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከብሎካችን ጀርባ፣ በግድግዳውና በአጥሩ መካከል፣ ሕንፃው ሲሠራ የተረፈ ጠጠርና የብሎኬት ስብርባሪ ሞልቶባት የኖረች ጠባብ መሬት አለች። አፈሯ መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ በበጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ፍግ፣ የወጥ ቤት ትርፍራፊ ብስባሽና የቡና አተላ ሲደባለቅባት ነው እያደር የለሰለሰችው። አሁን ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ጥቂት ቃሪያ አለባት፤ ዳር ዳሩን ጤና አዳም፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል። ውሃው በፈረቃ ስለሚመጣ ድንችና ሰላጣ የታጠበበትን በባልዲ እያጠራቀምን እናጠጣለን። ካበበው ጎመን ደግሞ ባለቤቴ ዘሩን ትሰበስባለች፤ ከፊሉን ለሚቀጥለው ዘር፣ ከፊሉን ለምጣድ ማሰሻ። ገበያ የሚሸጠው የጎመን ዘር አቧራ ይበዛበታል ባይ ናት፤ በዚህ ጉዳይ አልከራከራትም።

ብዙ ሰው አትክልት የሚያረጋጋው አረንጓዴ ስለሆነ ነው ይላል። እኔ ግን ምክንያቱ ሥራው ይመስለኛል። በጭቃ እጅ ስልክ አይነካም። ቀላል ነገር ትመስላለች እንጂ ለእኔ ከብዙ ምክር በላይ ሠርታለች። ደግሞም ፖለቲካው ቀኑን ሙሉ ሲያናግረን ውሎ አንዲት ነገር ከቦታዋ ሳናነቃንቅ ያስገባናል። ጓሮ ውስጥ ያረምከው መደብ ታርሟል፤ ያላረምከውም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ተንታኝ አያሻውም። የጊዜው ነገርም አለ። ካሮት ዘርተህ ሁለት ሳምንት አፈር ብቻ ስታይ ልትከርም ትችላለህ፤ «ምን ደረሰ?» ብለህ ብትጭረው ያጠፋኸው ዘሩን ነው። ቆስጣ በበኩሉ ከሥር ከሥር ያለውን ትልልቁን ቅጠል እየቀነጠስክ ልቡን ከተውክለት ለብዙ ጊዜ ይመግብሃል። በየደቂቃው «ሰበር ዜና» ለለመደ ጭንቅላት ይህ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፤ ቆይቶ ግን ትከሻ ሲወርድ ይታወቃል።

ይህ የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት አለ። 30 አትክልተኞችን በአስጨናቂ ፈተና ካጣደፏቸው በኋላ ግማሾቹን ለ30 ደቂቃ አትክልት ሲያስኮተኩቱ፣ ግማሾቹን ቤት ውስጥ ሲያስነብቡ፣ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በሁለቱም ወገን ቀነሰ፤ በኮትኳቾቹ ላይ ግን ይበልጥ ቀነሰ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹም ቀድሞውኑ አትክልት ወዳዶች ነበሩ፤ ስለዚህ አገር ይያዝልኝ አልልም። ለጤና ዓምዳችሁ ጸሐፊ ግን ፍንጭ ይሆናል ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ በታች አንድ ወጣት ይኖራል፤ ሌሊቱን ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሲከራከር ድምፁ እስከ እኛ ድረስ ይሰማል። የሱ ወገን የኔን ወገን እንዴት እንደሚያነሳ ስለማውቅ፣ የኔን ዝምታም እሱ እንዴት እንደሚተረጉመው ስለምገምት፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ቁጢጥ ብዬ ስኮተኩት መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቅጠሏ ምን ሆና ነው የተጨማደደችው?»

«ገልብጠህ እያት።»

ገለበጣት። ከሥሯ ክሽክሹ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ እንደ አመድ ነስንሶባታል። ፊቱን አኮሳትሮ «ይሄ ሁሉ እዚህ ተደብቆ ነው?» አለ፤ ከዚያ ሳልጠይቀው የሳሙና ውሃ በጥብጦ ይዞ ወረደ። ዛሬ ዳር ላይ ያለችው የቃሪያ መደብ የሱ ናት። በፖለቲካ አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለኝም። ነገር ግን ባለፈው ባለቤቴ ስትታመም መድኃኒት ቤት የሮጠው እሱ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስልካችን ሁሉ በጭቅጭቅ ያልቅ ነበር፤ አሁን ከቤቱ ጀርባ ያበቀለውን ጎመን ፎቶ እየላከ ውርጭ ሳይመታው ልቅጠፈው ወይስ ልቆይ ይለኛል።

አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሲሰማ «አገር እየነደደ አንተ ጎመን በጤና ብለህ ተቀመጥክ» አለኝ። ቃሉ ከንክኖኛል። እውነትም ጓሮው ራሱ የጦር ሜዳ የሆነበት፣ የዘራውን ጥሎ በመጠለያ የሚያድር ወገን አለ፤ ለሱ አትክልት ኮትኩተህ ተረጋጋ ማለት ስድብ ነው። ግን እኔ ሌሊቱን ስልክ ላይ ሳፈጥ ባድር ለዚያ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ደክሞኝና ተበሳጭቼ በየሠፈሩ ሰው ላይ ከመጮህ በቀር ያመጣሁለት የለም። አሁን ቢያንስ ጠዋት ሰው የሚያዳምጥ ጆሮ ይዤ እወጣለሁ። ጉዳዩን የተውኩ አይምሰላችሁ፤ ጋዜጣችሁን እስከ መጨረሻው ገጽ አነባለሁ፤ እንደምታዩትም እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ግብርና የማይነሳበት ስብሰባ የለም። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ነገር ግን አንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ጓሯችን ድረስ ዘለቁ፤ በጫማቸው የቆስጣ ችግኝ ረግጠው ቆሙና ባነር ዘርግተው ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ወዲህ ያቺ መሬት በነዋሪው አፍ «የነሱ» ሆነች። አንዱ ጎረቤቴ በሶብላውን መቅጠፍ ተወ፤ ሌላው «በስንት ገዙህ?» ብሎ ቀለደብኝ። ጓሮ የሚያሳርፈው የማንም ወገን ስላልሆነ ነው። መፈክር የገባበት ዕለት ከቴሌቪዥኑ ምን ለየው? ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችን ዘር ያከፋፍሉ፣ ውሃ ያምጡ፣ ባለሙያ ይላኩ፤ ፎቶውን ግን ይተዉልን።

ከፎቶው ይልቅ የሚያስፈልገን መሬት ነው። የከተማ ቦታን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967 እንኳ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ እስከ 500 ካሬ ሜትር ይፈቅድ ነበር። ዛሬ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ድርሻ ልብስ የሚሰጣበት በረንዳ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ አፈር ሞልቶ ጎኑን እየቀደዱ ችግኝ መትከል ይቻላል፤ ሠርቼው አይቻለሁ፤ ለሁሉም በረንዳ ግን ፀሐይ አይደርስም። ከብሎኮቹ መካከል ያለው መሬት በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁላችንም የጋራ ሀብት ነው። እኛ ብሎክ ግን ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚነሳው ሐሳብ አንድ ነው፦ ኮብልስቶን ይነጠፍና መኪና ማቆሚያ ይሁን። መኪና ያለው ደግሞ ከነዋሪው ጥቂቱ ነው። እንግሊዞች በ1908 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች ፈላጊ ነዋሪ ካለ ቦታ ከፋፍለው በኪራይ እንዲሰጡት አስገድደዋል። እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። የነዋሪ ማኅበራት በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ከጋራው መሬት ፀሐይ የሚያገኘውን ጥቂቱን ለሚኮተኩት ሰው፣ በዕጣና በየዓመቱ በሚታደስ ውል፣ ቢለዩለት ይበቃናል። ከተማው ደግሞ አዳዲስ ሕንፃዎች ሲነድፍ የጓሮውን ጥቁር አፈር ገፎ በጠጠር ከመሙላት ቢቆጠብ።

ከእናንተ የምጠይቀው ደግሞ ትንሽ ነው። ለፖለቲካ ትንታኔ ከሰጣችሁት ገጽ ሩቡን በወር አንዴ ለአትክልት ስጡ። ሰኔ ላይ ምን ይዘራል፣ በመስከረም ምን ይዛወራል፣ መረሬ አፈር በምን ይለሰልሳል፤ ይህን የሚጽፍ ባለሙያ በየግብርና ኮሌጁ ሞልቷል።

እግረ መንገዴን፦ ዘንድሮ ክሽክሹ በሳሙና ውሃም አልለቅ ብሏል። የታችኛው ልጅ አመድ ይነስነስበት ይላል፤ ባለቤቴ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ዘፍዝፎ መርጨት ትላለች። ሞክሮ የሠራለት አንባቢ ካለ በዚሁ ገጽ ቢጽፍልን።

አክባሪያችሁ፣
ከጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ