የልጅ ልጅሽን የት እንዳስገባኋት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለፈው በስልክ «ፊደል የሚያስቆጥሯት ቦታ አስገቢያት፤ ለጨዋታማ ቤቷ መች አነሳት» ያልሽው ከሐሳቤ አልወጣም። አንቺን ቅር አሰኝቼ የምወስነው ነገር ስለሌለ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ያሉት የመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ሦስት ብቻ ናቸው። በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠዋት ተቀምጬ አየሁ።

ሰው ሁሉ የሚያመሰግነው ሕንፃው አዲስ የሆነውን ነው። እዚያ አንዲት መምህርት አርባ ልጆች ይዛለች። አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ከሰሌዳ ሲገለብጡ ያረፍዳሉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎቻቸውን ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ሁሉም ቢጫ ዓሣ ነው፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ግራ አዙሯል። ዓሣውን ቀይ ያደረገ አንድም ልጅ የለም። እማዬ፣ እዚያ ላይ አዘንኩ።

ሁለተኛው ለቤታችን ቅርብ ነው፤ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት መምህራን ተቀያይረውበታል። ልጅ የለመደውን ፊት ማጣት የለበትም።

ሦስተኛው አሮጌ ነው። የቧንቧው ከፍታ ግን በልጅ ቁመት ልክ ነው፤ ሃያ ልጆች ሁለት መምህራን አሏቸው። አንድ ልጅ የበሩን እጀታ ይዞ ሲያለቅስ አንደኛዋ መምህርት ተንበርክካ «ጫማህን ማን አሰረልህ?» አለችው። «ራሴ» አላት። «እስቲ አሳየኝ» ስትለው ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ፤ ልቅሶውንም ረሳው። ሌላዋ መምህርት ተረቷን አላቋረጠችም። ሁለት መሆናቸው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ጨዋታውም እንዲያው መዋል አይደለም። በአሜሪካ፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 በተካሄደ ጥናት 123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች በሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን መዋዕለ ሕፃናት ገባ። ልጆቹ የሚሠሩትን ራሳቸው ያቅዱ ነበር፤ መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ይሄዱ ነበር። በአእምሮ ብቃት ፈተና ያሳዩት ብልጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደበዘዘ። አርባ ዓመት ሲሞላቸው ግን ካልገቡት ይልቅ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው፣ የተሻለ ገቢ አግኝተው ተገኙ። እኔ የምመኝላት ያንን ነው።

ስለዚህ ሦስተኛው ጋ አስመዘገብኳት። ፊደሉን ግን አልተውኩትም፤ እኔን ባስተማርሽኝ ጉልበትሽ ላይ ተቀምጣ ከአንቺ ትማራለች። እዚያ እያንዳንዱ ልጅ ቦርሳውን የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ስሙ ይለጠፋል፤ ጽሑፉን የሚያመጣው ቤተሰብ ነው። ስትመጪ ስሟን በትልቁ ጽፈሽ አምጪላት። በየጠዋቱ የምታነበው የአንቺን እጅ ጽሑፍ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ልጅሽ