ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ከመግዛታችን በፊት

የተከበራችሁ አባላት፣

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በሚገኘው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ለምናደርገው የዓሣ ማጥመድ ጉዞ ያገለገለ ጀልባ በጋራ ለመግዛት ስለተስማማን፣ የቀረቡልንን ሁለት ጀልባዎች ሳነጻጽር ያስተዋልኩትን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ቦስተን ዌለር የተባለው የጀልባ ዓይነት ነው። በሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ፎም የተሞላ በመሆኑ ውሃ ቢገባበት እንኳ አይሰምጥም፤ መዋኘት ለማንችለው (ከነዚህም አንዱ እኔ ነኝ) ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ፎሙ በስንጥቅ ወይም በብሎን ቀዳዳ በኩል ውሃ ከጠጣ ማድረቁ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጀልባው ተመዝኖ ክብደቱ ከፋብሪካው መግለጫ ጋር ቢመሳከር እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጀልባ ከሥሩ እንደ V ፊደል የሰላ በመሆኑ የባሕረ ሰላጤውን አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ቆመን ስናጠምድ ግን ግራና ቀኝ ይዋልላል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሞተሩን የሚሸከመው የኋላ ግድግዳ ነው፤ በአሮጌ ጀልባዎች ውስጡ ብዙውን ጊዜ እንጨት ስለሆነ ከውጭ ሳይታይ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ መዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ልንተወው ይገባል።

በሁለቱም ሞተሮች የየሲሊንደሩ ግፊት ይለካ፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ከበለጠ ወይም የታችኛው ማርሽ ዘይት ውሃ ገብቶበት ወተት ከመሰለ፣ አዲስ ቀለሙ ሊያታልለን አይገባም።

ሻጮቹ ውሃ ላይ ለማስሞከር ፈቅደዋል። ገለልተኛ የጀልባ መርማሪ የምታውቁ ከሙከራው በፊት ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።